ትንንሽ ዋንጫዎች፦ ቀብድ ወይስ ድግስ?

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በቀራንዮና በአካባቢው ሁለት ነገር ይበዛል፤ ጭቃና ዋንጫ። ከአጠና ተራ እስከ ዓለም ባንክ፣ ከአየር ጤና እስከ ቤቴል ክፍት ሜዳ በተገኘበት ሁሉ የሰፈር ቡድኖች ይሰባሰቡና «የክረምት ዋንጫ» ይባላል። ቡድኖቹ መመዝገቢያ ይከፍላሉ። ኮሚቴው ደረሰኝ ይዞ በየሱቁ ይዞራል። አጠና ነጋዴው፣ የብረታ ብረት መደብሩ፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤት «ጋሼ፣ የአቅምዎን» ይባላል። አንዱ ማሊያ ያለብሳል፤ ሌላው ኳስ ይገዛል፤ ደህና የሸጠው ደግሞ ለፍጻሜው በግ ያቀርባል። መስከረም ሲጠባ ዋንጫው አንዱ ሻይ ቤት መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ በጉ ይበላል፣ ነገሩም በዚያው ይረሳል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ሽር ጉድ ለቡድኖቹ ምን ይጠቅማል? ጥያቄው የሰፈር ብቻ መስሎ የሚታየው ካለ ቀና ብሎ ይመልከት። የአዲስ አበባ ከተማ ዋንጫ አለ፤ የኢትዮጵያ ዋንጫ አለ፤ ድንበር ሲሻገሩ ደግሞ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ክለቦች የሚገናኙበት የካጋሜ ዋንጫ አለ። ዋናው ሊጉ ሳለ እነዚህ ሁሉ «ትንንሽ» ዋንጫዎች ናቸው። ክለቦች ይጋበዛሉ፣ ስፖንሰሮች ገንዘብ ያወጣሉ፣ ተጫዋቾች ጉልበታቸውን ይከፍላሉ። ሲጠቃለል ግን ማን አተረፈ ተብሎ የሚጠየቅበት ጊዜ ጥቂት ነው።

የገበያ ሰው መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ትንሽ ዋንጫ ቀብድ ነው። ቤት ሊገዛ የተነሣ ሰው ቀብድ ሲከፍል ገንዘቡ ጠፋ አይባልም፤ በሩን ይዞለታልና። ቤቱ የሌለ እንደሆነ ግን ያው ቀብድ ንጹሕ ኪሣራ ነው፤ ደላላውም ስልኩን ዘግቶ ይሰወራል። ዋንጫም እንዲሁ ነው። አሸናፊውን ወደ ሌላ፣ ወደሚበልጥ ነገር የሚያስገባ በር ካለው ያዋጣል። በር የሌለው ዋንጫ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

ሒሳቡ ከየት ይጀምራል?

ክለቦች ስለ ትንንሽ ውድድሮች ሲያማርሩ የሚያቀርቡት ሒሳብ ብዙ ጊዜ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። «ለተጫዋች ደመወዝ ይህን ያህል ሚሊዮን እያወጣን በዚህ ዋንጫ ያገኘነው አምስት ሳንቲም የለም» ይላሉ። ደመወዙ ግን ቡድኑ ዋንጫ ላይ ተሰለፈም፣ ሆቴል ተኛም የሚከፈል ነው። በውድድሩ ላይ መጻፍ ያለበት በውድድሩ ምክንያት ብቻ የወጣው ገንዘብ ነው፤ ትራንስፖርት፣ ሆቴል፣ አበል፣ ሕክምና። ሱቅ የተከራየ ነጋዴ ይህን ያውቀዋል። ኪራዩን ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ እሑድ ልክፈት ወይስ ልዝጋ ብሎ ሲያስብ የሚያሰላው የእሑዱን መብራትና የእሑዱን ሠራተኛ እንጂ የወሩን ኪራይ አይደለም።

በዚህ ሚዛን ሲታይ በገዛ ከተማው የሚጫወት ክለብ ወጪ ቀላል ነው። አውቶቡሱ የራሱ፣ ካምፑ የራሱ ነው። ከሩቅ ከተማ ተጋብዞ የሚመጣ ክለብ ግን ሌላ ነው። እንበል፣ 30 ሰው ለ14 ቀን ይዞ ቢመጣና ለአንድ ሰው በቀን ለምግብና ለመኝታ 1,500 ብር ቢያወጣ፣ ድምሩ 630,000 ብር ነው። አዘጋጁ ይህን ካልቻለለት በቀር እንግዳው ክለብ ገና ኳስ ሳይነካ ከስሯል። ስለዚህ «የከተማ ዋንጫ ያዋጣል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ «ለየትኛው ክለብ?» የሚል ነው። ለባለ ሜዳውና ለእንግዳው አንድ ዓይነት መልስ የለም።

በመዝገብ የማይጻፍ ሌላም ወጪ አለ፤ ጉዳት። ሊጉ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዋናው አጥቂ በማይረባ ጨዋታ ጉልበቱን ቢሰበር፣ ክለቡ የሚያጣው የዓመቱን ጎል ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ይኸው ነው። መድኅኑም አለ። በትንሽ ዋንጫ ወጣቶቹን አሰልፎ አንጋፋዎቹን ለግማሽ ሰዓት ብቻ ማፍታታት። ይህን የሚያደርግ አሠልጣኝ ግን «ንቀት ነው» ይባላል። ደጋፊው ያኮርፋል፤ አዘጋጁም ያኮርፋል።

የከተማው ዋንጫ

የአዲስ አበባ ከተማ ዋንጫን የአዲስ አበባ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የሚያዘጋጀው ሊጉ ከመጀመሩ በፊት ባለው ጊዜ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ኢትዮጵያ ቡና፣ መከላከያና ኤሌክትሪክን የመሳሰሉ የከተማው ክለቦች ሲጫወቱበት፣ ከክልል የተጋበዙም ሲጨመሩበት ኖሯል። በአንዳንድ ዓመታት የቢራ ፋብሪካ ስም ተለጥፎበት «ካስቴል ዋንጫ» እየተባለ ተጠርቷል። ሐሳቡም መልካም ነበር፤ ክለቦቹ ይሟሟቃሉ፣ ከስታዲየሙ በር የሚሰበሰበው ገንዘብ ለፌዴሬሽኑም ለክለቦቹም ይደርሳል፣ ክረምቱን ኳስ የናፈቀውም ተመልካች ይደሰታል።

ያ ሒሳብ የቆመበት መሬት ግን ከሦስት ወገን ተሸርሽሯል።

አንደኛው ቴሌቪዥን ነው። ፕሪሚየር ሊጉ በ2013 ዓ.ም. በአክሲዮን ማኅበር መመራት ሲጀምር ጨዋታዎቹ በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ ጀመሩ። ክለቦቹም በየሜዳቸው መጫወታቸው ቀርቶ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ ተጫወቱ። የመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳን ያዳረሰ ነበር። የክለቡ ገቢ ዓይኑን ከስታዲየም በር ወደ ስክሪን አዞረ። ካሜራ የሌለበት ዋንጫ ከዚያ ወዲያ ለስፖንሰር የሚያሳየው ነገር አነሰው።

ሁለተኛው ቢራ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 በ2011 ዓ.ም. ወጥቶ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ሲያጠብ፣ የኢትዮጵያን እግር ኳስ ለዓመታት ሲያጠጣ የኖረው ቧንቧ ጠበበ። የጤናው ጉዳይ የራሱ ክርክር አለው። በገበያ ረገድ ግን ትንንሽ ዋንጫዎች በአንድ ዘርፍ ኪስ ላይ ብቻ ተደላድለው ይኖሩ እንደነበር ያን ጊዜ ታየ።

ሦስተኛው ሜዳ ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ሲዘጋ ትልቁ የበር ገቢ ምንጭ አብሮ ተዘጋ። የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ ፊት ለፊት የሚቀመጥበት ጨዋታ ከሌለ የከተማው ዋንጫ የበር ገቢ ምኑ ይቀራል?

ሦስቱ ሲደመሩ ውጤቱ ግልጽ ነው። ዋንጫው ከዝግጅት ጨዋታነት አልፎ የገቢ ምንጭ ይሁን ከተባለ አዲስ ምክንያት ያስፈልገዋል። ያ ምክንያት ደግሞ በር ነው።

ከሶዶ የተነሣው ቡድን

በር ያለው ትንሽ ዋንጫ ምን እንደሚሠራ ለማየት ወላይታ ድቻን መመልከት ይበቃል። የሶዶው ክለብ በ2009 ዓ.ም. በሊጉ የዋንጫ ተፎካካሪ አልነበረም። በኢትዮጵያ ዋንጫ ግን እስከ ፍጻሜው ተጉዞ መከላከያን በመለያ ምት አሸነፈ። ዋንጫው ራሱ ብረት ነው፤ ጥቅሙ ከኋላው የነበረው በር ነው። የጥሎ ማለፉ አሸናፊ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ አገሩን ይወክላል።

ድቻ በ2010 ዓ.ም. በዚያ በር ገባ። መጀመሪያ የዛንዚባሩን ዚማሞቶ አለፈ። ቀጥሎ የገጠመው አምስት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነውን የካይሮውን ዛማሌክ ነበር። ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ካይሮ ላይ 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ በመለያ ምት ዛማሌክን ከውድድሩ አስወጣ። ቀጥሎ የታንዛንያው ያንጋ በድምር 2 ለ 1 ባያቆመው ኖሮ ምድብ ውስጥ ይገባ ነበር። በዚያ ዘመን ምድብ የገባ ክለብ መጨረሻ ቢወጣ እንኳ 275 ሺሕ ዶላር ያገኝ ነበር።

አንድ ነጋዴ ይህን ታሪክ ሲሰማ የሚያሰላው በሌላ መንገድ ነው። በሊጉ አንደኛ ለመውጣት አንድ ክለብ ዓመት ሙሉ ከትልልቆቹ ጋር በገንዘብ መፎካከር አለበት። በጥሎ ማለፉ ግን ጥቂት ጨዋታ አሸንፎ ወደ አህጉሩ መውጣት ይችላል። አቅሙ ውስን ለሆነ ክለብ የኢትዮጵያ ዋንጫ ከሁሉም ርካሹ ቀብድ ነው። ይህ ሆኖ ሳለ ዋንጫው ለዓመታት ተቋርጦ መቆየቱ ያስገርማል፤ ትንንሾቹ ክለቦች ከሁሉም በላይ ሊጮኹለት የሚገባው እሱ ነበርና። በ2016 ዓ.ም. ሲመለስ አሸናፊው ኢትዮጵያ ቡና በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የኬንያውን ፖሊስ ማለፍ አቅቶት ከውድድሩ ወጥቷል።

የበሩ ዋጋም ከፍ ብሏል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ምድብ የሚገባ ክለብ ቢያንስ 400 ሺሕ ዶላር እንዲያገኝ አድርጓል። በማጣሪያው ለሚወድቁትም ከ2023/24 ውድድር ጀምሮ 50 ሺሕ ዶላር መስጠት ጀመረ፤ ቆይቶም ከፍ አደረገው።

ሴቶቹም ያንኑ መስክረዋል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን በ2016 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የምሥራቅ አፍሪካ ማጣሪያ አሸንፎ በሞሮኮው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ ተሰልፏል። ማጣሪያው ትንሽ ውድድር ነበር፤ በሩ ግን ትልቅ ነበር።

በዶላር የሚከፈል ዋንጫ

አሁን ወደ ካጋሜ ዋንጫ እንሻገር። የሩዋንዳው ፕሬዚዳንት ፖል ካጋሜ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለዓመታት ለሽልማት 60 ሺሕ ዶላር ሲሰጡ ኖረዋል፤ 30 ሺሕ ለአንደኛ፣ 20 ሺሕ ለሁለተኛ፣ 10 ሺሕ ለሦስተኛ። ሲሰሙት ያጓጓል። ግን እንበል፣ 12 ክለቦች ቢካፈሉና ዕድላቸው እኩል ቢሆን፣ ለአንዱ ክለብ የሚደርሰው አማካይ 5 ሺሕ ዶላር ነው። የዚያው ክለብ 30 ሰዎች የአውሮፕላን ትኬት ለእያንዳንዱ 400 ዶላር ቢሆን 12 ሺሕ ዶላር ወጣ ማለት ነው። ልዩነቱ 7 ሺሕ ዶላር ኪሣራ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ ይኸው ኪሣራ በብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ታዲያ መቅረት ይሻላል? የግድ አይደለም። በአፍሪካ ውድድር ሊካፈል ለተዘጋጀ ክለብ 7 ሺሕ ዶላር የሥልጠና ክፍያ ነው፤ ከታንዛንያና ከኬንያ ጠንካራ ክለቦች ጋር ተጋጥሞ ራሱን ይመዝናል። በዚያ ዓመት በአህጉሩ ላይ ጨዋታ ለሌለው ክለብ ግን ጉዞው ጉብኝት ነው። ጉብኝትም ጥሩ ነው፤ ከክለቡ በጀት፣ ያውም ብዙዎቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩበት የሕዝብና የመንግሥት ድርጅት ገንዘብ ላይ ሲወጣ ግን ስሙ ይታወቅ።

አሜሪካኖችም ጨንቋቸዋል

ጥያቄው የድሀ አገር ጥያቄ እንዳይመስል፣ በኮሌጅ ስፖርት ገንዘብ የሚዘንብባት አሜሪካም እየታመሰችበት ነው። እዚያ የዩኒቨርሲቲዎች የአሜሪካ እግር ኳስ ወቅት ሲያልቅ «ቦውል» የሚባሉ የግብዣ ጨዋታዎች አሉ። የመጀመሪያው ሮዝ ቦውል እ.ኤ.አ. በ1902 ተካሄደ። ዛሬ ቁጥራቸው አርባ ገደማ ደርሷል። ከ12 ጨዋታ 6 ያሸነፈ ቡድን ሁሉ ለመጋበዝ ይበቃል። አይዳሆ ውስጥ በድንች አምራቾች ኮሚሽን ስም የሚጠራ ሳይቀር አለ፤ የድንች ዋንጫ ማለት ነው።

ሒሳቡ ሲፈተሽ ግን ድንቹ ሁልጊዜ አይበስልም። የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2011 በፊዬስታ ቦውል ሲጫወት 17,500 ትኬት እንዲረከብ ተገድዶ ነበር። ደጋፊው ከዚያ ሁሉ ርቀት አልመጣለትም፤ ጥቂት ሺሕ ብቻ ሸጦ ሌላውን ራሱ ታቀፈው። ከ1.6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከስሮ፣ በጨዋታውም 48 ለ 20 ተሸንፎ ተመለሰ። ያውም ፊዬስታ ከትልልቆቹ ቦውሎች አንዱ ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚያሰኝ ነው።

ተጫዋቾቹም ነቁ። የኖተርዳሙ ጄይሎን ስሚዝ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2016 በዚያው ፊዬስታ ቦውል ጉልበቱ ተሰበረ። ከፍ ባለ ዋጋ ይወሰዳል ተብሎ ሲጠበቅ በሁለተኛው ዙር ተመርጦ ሚሊዮኖች አጣ። በዓመቱ መጨረሻ ክርስቲያን ማካፍሪና ሊዮናርድ ፎርኔት የተባሉ ሁለት ዝነኞች የቡድኖቻቸውን ቦውል አንጫወትም ብለው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ መቅረት ልማድ ሆነ።

ቀጥሎ ቡድኖቹ ራሳቸው መቅረት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 ኖተርዳም 10 ጨዋታ አሸንፎ ወደ ዋናው የሻምፒዮና ጥሎ ማለፍ ሳይጋበዝ ሲቀር፣ ሌላ ቦውል አልፈልግም ብሎ ዘጋ። አይዋ ስቴትና ካንሳስ ስቴትም ግብዣውን ባለመቀበላቸው ያሉበት ማኅበር እያንዳንዳቸውን 500 ሺሕ ዶላር ቀጣቸው። ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ መቅረት ከመጫወት የተሻለ መስሎ የሚታይበት ደረጃ ተደረሰ ማለት ነው።

እንዲህ ከሆነ ቦውሎቹ ለምን አልሞቱም? ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ የተጋበዘ ቡድን ለ15 ቀን ያህል ተጨማሪ ልምምድ ይፈቀድለታል። ለሚቀጥለው ዓመት ወጣቶች ለሚያሳድግ ትንሽ ቡድን ይህ ትልቅ ስጦታ ነው፤ የእሱ በር ይኸው ነው። ሁለተኛ፣ ኢኤስፒኤን የተባለው ቴሌቪዥን ከአሥር በላይ የሚሆኑ ቦውሎች ራሱ ባለቤት ነው። በበዓል ሰሞን ሰው ቤቱ ሲቀመጥ የሚያሳየው ጨዋታ ይፈልጋል። ጨዋታው ለቡድኑ ባያዋጣ ለቴሌቪዥኑ ያዋጣል።

ለማን ነው የሚያዋጣው?

ለአዲስ አበባም ለቀራንዮም የሚሆነው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። «ዋንጫው ያዋጣል» ሲባል የሚናገረው ማነው? አዘጋጁ የበር ገቢና የስፖንሰር ገንዘብ ያገኛል። ስፖንሰሩ ስሙ ይጠራለታል። የፍጻሜውን ዋንጫ የሚሰጠው ባለሥልጣን ፎቶ ይነሣል። ቡድኑ ደግሞ የሚያገኘው በአብዛኛው ድካምና ሜዳሊያ ነው። የአራቱ ጥቅም በአንድ ከረጢት ተቋጥሮ «የስፖርት ልማት» ሲባል ማንም ሳይጠይቅ ያልፋል።

በጨዋታው ላይ ሸቀጡን ያቀረበው ቡድኑ ነው። ያለ እሱ ትኬትም ማስታወቂያም የለም። መርካቶ ውስጥ ሸቀጡን ያቀረበ ሰው ድርሻው መጨረሻ ላይ «እናያለን» ቢባል ምን እንደሚመልስ የታወቀ ነው። ክለቦች ግን ድርሻቸውን ሳያውቁ ዕጣ ለማውጣት ይሰበሰባሉ።

ድግስም ከሆነ

እዚህ ላይ የሚነሣ ክርክር አለ፤ ክብደትም አለው። ኳስ ሁሉ በሒሳብ አይለካም ይባላል። እውነት ነው። የቀራንዮ ልጆች በክረምት ጭቃ ላይ ሲራገጡ ለዚያ ሁለት ወር ከሥራ ፈትነትና ከሱስ ርቀው ይውላሉ። የአንዱ መንደር ሽማግሌ ከሌላው መንደር ሽማግሌ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ይስቃል። የሜዳው ዳር ሻይ ሻጭና ቆሎ ሻጭ ይሸጣሉ። ይህን የሚጠላ የለም።

ድግስ ከሆነ ግን ድግስ ይባል። ለድግስ የሚዋጣ ገንዘብ ሌላ፣ ለሥራ የሚወጣ ካፒታል ሌላ ነው። ሠርግ የደገሰ ሰው ትርፍ አይጠብቅም፤ ንግድ የከፈተ ግን ይጠብቃል። ችግሩ የሚመጣው ድግሱ «ተተኪ ማፍሪያ» ተብሎ ሲሸጥ ነው። ያን ጊዜ ልጁ ያምናል። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በክረምቱ ዋንጫ ኮከብ ጎል አግቢ ተባለ፤ አንድ ማሊያና አንድ የምስክር ወረቀት ይዞ መስከረም ላይ ሊያየው የሚመጣ አሠልጣኝ ይጠብቃል። አሠልጣኙ አይመጣም። ከዓመት ዓመት ሲጠብቅ ሃያ ሁለት ይሞላዋል። ከሁሉም ባለ ድርሻዎች በላይ የከሰረው እሱ ነው፤ ቀብዱ የወጣትነት ዓመቱ ነበርና።

ለቀራንዮ የሚበጀው

መፍትሔው ትንንሾቹን ዋንጫዎች መዝጋት አይደለም። በር ማበጀት ነው፤ ይህም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ኮልፌ ቀራንዮ ስሙን ይዞ በከፍተኛ ሊግ የተጫወተ ክለብ ያፈራ ክፍለ ከተማ ነው። ከከፍተኛ ሊግ ደግሞ ወደላይ መንገድ እንዳለ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አሳይቷል፤ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ በተመለሰበት በ2016 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሆነ። በክለቡና በሰፈሩ ዋንጫ መካከል ድልድይ ይሠራ። የክረምቱ ውድድር ሲጠናቀቅ ከውድድሩ የተመረጡ አምስት ልጆች ለሁለት ሳምንት ከክፍለ ከተማው ታዳጊ ቡድን ጋር ይሞከሩ፤ ይህም ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ ይነገር። ወጪው የአምስት ልጅ ትራንስፖርትና ምሳ ነው። ጥቅሙ ግን ዋንጫውን ከበግ ሽልማት ወደ ሥራ ፈተና ይለውጠዋል። ክለቡም ተጫዋች ፍለጋ የሚያወጣው ገንዘብ ይቀንስለታል።

በከተማው ደረጃም እንዲሁ ነው። የአዲስ አበባ ከተማ ዋንጫ አሸናፊ በኢትዮጵያ ዋንጫ የመጀመሪያውን ዙር በቀጥታ እንዲያልፍ ሁለቱ ፌዴሬሽኖች ቢስማሙ፣ ዋንጫው በአንድ ፊርማ በር ያገኛል። ክለቦችም ዕጣ ከመውጣቱ በፊት የበር ገቢና የስፖንሰር ድርሻቸው ስንት እንደሆነ በውል ይያዙ። እንግዳ ክለብ የሚጋብዝ አዘጋጅ መኝታና ምግቡን ይቻል፤ ካልቻለ አይጋብዝ።

ገንዘቡን ለሚያወጣው ነጋዴ ደግሞ አንድ ምክር ይበቃዋል። ማሊያ አንድ ክረምት ለብሶ ያልቃል፤ በግም አንድ ምሽት ይበላል። በግንባታ እየተከበበ ያለ ሜዳ ግን ከተደለደለ፣ ከታጠረና በስሙ የወጣቶች ሜዳ ተብሎ ከተመዘገበ ለዓመታት ይኖራል። ከአጠና ተራ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለሦስት ክረምት በአንድ ቋት ቢጠራቀም ከማሊያው ይልቅ ለሜዳው ይደርስ ነበር። ማስታወቂያም ለሚሻ ሰው፣ ዓመቱን ሙሉ ልጆች ከሚጫወቱበት አጥር የበለጠ ቦታ የለም።

በሚቀጥለው ሐምሌ ኮሚቴው ደረሰኙን ይዞ ሲመጣ እንግዲህ ነጋዴው ከመክፈሉ በፊት የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ያሸነፈው ልጅ መስከረም ላይ የት ይሄዳል?» መልስ ካለ ይክፈል፤ ደህና ቀብድ ነው። መልስ ከሌለም የልጆቹ ደስታ ደስ ካለው ይክፈል። ያን ጊዜ ግን የከፈለው ለድግስ መሆኑን እሱም ይወቅ፣ ልጁም ይወቅ።